የቢሮው ወንበርና የራማዚኒ ጥያቄ፦ ለቢሮ ሠራተኞች የሚሰጥ የጤና ምክር ሲመዘን

መግቢያ

በመሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጤና ምክር ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ጀርባውን አቅንቶ ከኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ሰው ሥዕል ይታያል፤ ከሥዕሉ ግርጌ ቀጥ ብሎ መቀመጥን፣ በየሃያ ደቂቃው ዐይንን ማሳረፍን፣ ውኃ በብዛት መጠጣትንና ጭንቀትን ማስወገድን የሚያዝዙ ዐረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ። ጽሑፉን የሚቃወም ሰው የለም፤ የሚመዝነውም እንዲሁ አልተገኘም። አንድ መድኃኒት ለሕዝብ ከመታደሉ በፊት ጥቅሙ፣ መጠኑና ጉዳቱ ይመረመራል። ምክር ግን በሐኪም ስም ሲወጣ ያለ ምርመራ ያልፋል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል፤ ምክርም እንደ መድኃኒት ሁሉ ለአንዱ ፈውስ፣ ለሌላው ከንቱ፣ ለሦስተኛው ደግሞ መዘናጊያ ሊሆን ይችላልና።

ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የሚለው ነገር በማስረጃ የተደገፈ ነውን? ምክሩን የሚቀበለው ሰው ሊፈጽመው ይችላልን? የተነገረውስ ለማን ነው? መመዘኛውን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የዘርፉን መነሻ መጽሐፍ ማየት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞዴናው ሐኪምና የጸሐፊዎች ደዌ

በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1633 በኢጣሊያ በካርፒ ከተማ ተወለደ፤ በሞዴና በሕክምና ሠራ፤ በፓዶቫም ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። «ዴ ሞርቢስ አርቲፊኩም ዲያትሪባ» የተሰኘውን፣ ስለ ሠራተኞች ደዌ የሚናገረውን መጽሐፉን በ1700 አሳተመ፤ ከመሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1713 ደግሞ አስፋፍቶ አወጣው። ለመጽሐፉ ምክንያት የሆነውን ነገር ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ተርኮታል። በሚኖርበት ቤት የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲጸዳ አንዱ ሠራተኛ በጥድፊያ ሲደክም አይቶ ምክንያቱን ጠየቀው። ሠራተኛውም ከጉድጓዱ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ዐይኑ እንደሚጠፋ ነገረው። ራማዚኒ የሰውየውን ዐይን ተመለከተ፤ ቀልቶና ደክሞ አገኘው። ከዚህ በኋላ በጥንቱ በሂፖክራጥስ ትምህርት ሐኪም በሽተኛውን ሊጠይቅ በሚገባው ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር አሳሰበ፤ ይኸውም ሥራህ ምንድን ነው የሚለው ነው።

ለቢሮ ሠራተኛ ጤና መነሻ የሚሆነው ክፍል በ1713ቱ እትም የተጨመረው የጸሐፊዎች ምዕራፍ ነው። ራማዚኒ የጸሐፊዎችን ሕመም በሦስት ምክንያቶች ያስረዳል፤ አንደኛው ሳይነሡ መቀመጥ፣ ሁለተኛው የእጅ አንድ ዓይነት የማያቋርጥ እንቅስቃሴ፣ ሦስተኛው ደግሞ መዝገቡን በስሕተት ላለማበላሸትና በአሠሪው ላይ ኪሳራ ላለማድረስ ሲባል የሚመጣው የአእምሮ ውጥረት ነው። ከጽሕፈት ብዛት የተነሣ ቀኝ እጁ የሰነፈበትን አንድ ውል ጸሐፊም ይጠቅሳል፤ ሰውየው በግራ እጁ መጻፍ ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግራ እጁም በዚያው ሕመም ተያዘ።

የምዕራፉ ታላቅነት ሦስቱን ምክንያቶች በአንድነት ማየቱ ነው። አካልን ከአእምሮ፣ ድካምንም ከአለቃ ፍርሃት አልነጠለም። ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት እየተጠነቀቀ ቀኑን ሲጽፍ የሚውለው የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊም ይህን ምዕራፍ ቢያነቡለት የራሱን ጀርባ፣ የራሱን ጣትና የራሱን ጭንቀት ባወቀው ነበር።

የምዕራፉ ጉድለትም መሸፈን የለበትም። ራማዚኒ ምክንያቱን በሥራው ውስጥ አግኝቶ መድኃኒቱን ግን ከሠራተኛው ይፈልጋል። ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ሌላው ቀን ባይመቻቸው እንኳ በበዓል ቀን አካላቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል፤ የሥራ ሰዓቱ እንዲያጥር፣ ጫናው እንዲቀልላቸው አሠሪውን አይጠይቅም። በዘመኑ የሠራተኛ ሕግ አለመኖሩ ለእርሱ ምክንያት ሊሆነው ይችላል። የሚያስገርመው ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የሚጻፈው የግድግዳ ምክር ጉድለቱን ወርሶ ታላቅነቱን መተዉ ነው፤ ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱን፣ ያውም መቀመጥን ብቻ ያነሣል፤ መፍትሔውንም ሁሉ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ይጥላል።

ምክሮቹ በማስረጃ ፊት

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የጀርባ ጉዳይ ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ የወገብ ሕመምን ይከላከላል የሚለው እምነት ሰፊ ቢሆንም፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ ስለመኖሩ ጠንካራ ማስረጃ የለም። የሚጎዳው በየትኛውም አቀማመጥ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው። የወገብ ሕመምን ስለመከላከል የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2016 የታተመ ግምገማ፣ የአካል እንቅስቃሴ ከትምህርት ጋር ሲጣመር የሕመሙን አደጋ በ45 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ትምህርት ብቻውን ግን ለውጥ ማምጣቱ አልታየም። የግድግዳው ጽሑፍ ደግሞ ትምህርት ብቻ ነው። ስለዚህ ከደረጃው ላይ የሚያስወጣና የሚያስወርድ፣ ሰነዱን በእግር የሚያስኬድ የሥራ አደረጃጀት ከተለጠፈው ሥዕል የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ሁለተኛው የዐይን ጉዳይ ነው። ሰው ኮምፒዩተር ሲመለከት ዐይኑን የሚያርገበግብበት ጊዜ እንደሚቀንስና ዐይኑ እንደሚደርቅ የታወቀ ነው፤ በመሆኑም አልፎ አልፎ አርቆ ማየት ጉዳት የለውም። ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላሉ ተብለው የሚሸጡት መነጽሮች ግን በ2023 በወጣ የኮክሬን ግምገማ መሠረት የዐይን ድካምን ከተራ መነጽር ይልቅ በአጭር ጊዜ አይቀንሱም ማለት ይቻላል። ከዚህ ይልቅ ምክሩ ዝም ያለው ነገር ይበልጣል። ዕድሜው ከአርባ ያለፈና ደብዳቤውን ክንዱን ዘርግቶ የሚያነብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚያስፈልገው የማንበቢያ መነጽር ነው። ራስ ምታቱን ለዓመታት በማስታገሻ የሚያሳልፍ ሠራተኛ ቀላል የዐይን ምርመራ ቢደረግለት ከብዙ እንግልት ይድናል። ሃያ ደቂቃ እየቆጠረ ዐይኑን እንዲያሳርፍ መንገር ግን የማይታየውን ፊደል አያሳየውም።

ሦስተኛው መቀመጥ ራሱ ነው። ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ደም ሥሮች ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2016 ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና፣ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ከ60 እስከ 75 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከመቀመጥ ጋር የተያያዘውን የሞት አደጋ እንደሚያስቀር አመለከተ። በዚህ ረገድ የግድግዳው ምክር እውነት ይዟል። ነገር ግን ማለዳ ለታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ በጨለማ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሠራተኛ ይህን ሰዓት ከየት እንደሚያመጣ አይነግረውም። እውነት የሆነ ምክር ሁሉ ሊፈጸም የሚችል ምክር አይደለም።

የተዘለሉት አደጋዎች

የግድግዳው ጽሑፍ ትልቁ ድካም ግን ከሚናገረው ይልቅ በሚዘለው ነገር ይታያል። ሥዕሉ ከሌላ አገር ስለ ተቀዳ፣ የሌላውን አገር ቢሮ ጭምር ይዞ መጥቷል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ ያለውን አደጋ አያውቀውም።

መስኮት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብርድ ይመታል፣ ነፋስ ያሳምማል በሚል ሥጋት መስኮት ዘግቶ መዋል በቢሮም በታክሲም የተለመደ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ግን በአየር የሚተላለፍ ነው፤ ብዙ ሰው በሚተነፍስበት ዝግ ክፍል ውስጥ እንደ ልቡ ይቆያል። በ2007 የታተመ በሊማ፣ ፔሩ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት መስኮትና በር ሲከፈቱ የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ያህል ሊለወጥ እንደሚችል፣ በመሣሪያ አየር እንዲለዋወጥባቸው ለተሠሩ ክፍሎች ግን የተመከረው 12 ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንጻዎችም ከአዲሶቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ይህን ላነበበ ሰው መስኮታቸው የማይከፈት የመስተዋት ሕንጻዎች በየመንገዱ መበራከታቸው የሥነ ሕንጻ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የእጅ መታጠቢያ ቆመ፤ ውስጥ ያሉት መስኮቶች ግን በብዙ ቦታ እንደ ተዘጉ ቀሩ። እጅን መታጠብ መልካም ነው፤ ሆኖም በአየር ለሚመጣ በሽታ የመጀመሪያው መከላከያ አየር ነው።

ሁለተኛው በረኪና ነው። የጽዳት ሠራተኞች ማጽጃው እንዲበረታ በማሰብ በረኪናን አሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር የሚቀላቅሉበት ጊዜ አለ። ከድብልቁ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ዐይንንና ጉሮሮን ይለበልባል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲበዛም ሳንባን እስከ መጉዳት ይደርሳል። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይህን ያስቀር ነበር፤ በግድግዳው ጽሑፍ ላይ ግን ያ መስመር የለም።

ሦስተኛው የከሰል ጭስ ነው። የሌሊት ጥበቃ ከብርድ ለማምለጥ በጠባቧ ማረፊያው ውስጥ ከሰል አያይዞ በሩን ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም አስቀድሞ ሰውየውን ወደ እንቅልፍ፣ ከዚያም ወደ ሞት ሊወስደው ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ከምድር ቤት ወይም ከመስኮት ሥር የሚነሣ ጄኔሬተርም ያንኑ ጋዝ ወደ ቢሮዎቹ ይልካል። በመጨረሻም ሌባን በመፍራት በሰንሰለት የሚቆለፈው የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ። በእሳት ጊዜ ንብረትን የጠበቀው ቁልፍ ሰውን ያስቀራል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠው የሥዕሉ ሰው ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም፤ ፊቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ብቻ ነውና።

ውኃ በብዛት ይጠጡ የሚለው ምክርም በዚሁ መልክ መታየት አለበት። ውኃ በሌለበት፣ ቁልፉ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ በሚቀመጥ መጸዳጃ ቤት ሥራዋን የምታከናውን ሴት ውኃ መጠጣቷን ሆን ብላ ትቀንሳለች። ሽንትን ለረጅም ሰዓት መያዝና ውኃ አለመጠጣት ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ይችላል። ለእርሷ ምክሩ ስለ ብርጭቆው ሳይሆን ስለ በሩ መሆን ነበረበት።

ምክሩ የረሳቸው ሰዎች

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ምክሩ ለማን ተነገረ የሚለው፣ ከሁሉ ይከብዳል። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ወንበር፣ ጠረጴዛና ኮምፒዩተር አለው። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ተላላኪው፣ ጥበቃውና በአቧራ መካከል ዶሴ የሚያገላብጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በቢሮው ውስጥ ቢውሉም በሥዕሉ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አንዳንዶቹ በሌላ ድርጅት በኩል የተቀጠሩ በመሆናቸው የሕንጻው ባለቤት የእኔ ሠራተኞች አይደሉም ሊል ይችላል። የሚተነፍሱት አየር ግን የዚያው ሕንጻ አየር ነው።

ከ1967 ጀምሮ በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄደው የኋይትሆል ጥናት የዚህን ዝንጋታ ዋጋ አሳይቷል። ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ እንዳስረዱት በዝቅተኛው የሥራ ደረጃ ላይ የነበሩ ወንዶች በልብ ደም ሥሮች ሕመም የመሞት አደጋቸው ከከፍተኛዎቹ ኃላፊዎች ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ማጨስ፣ የደም ግፊትና ሌሎቹ የታወቁ ምክንያቶች የልዩነቱን ከፊል እንጂ ሁሉን አላብራሩም። በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት 10,308 ወንዶችንና ሴቶችን ይዞ ሲቀጥል፣ ሠራተኛው በራሱ ሥራ ላይ ያለው የመወሰን ሥልጣን ማነስ ከልዩነቱ ምክንያቶች መካከል ከፍተኛ ቦታ እንዳለው ተገነዘበ። እነዚህ ሰዎች ረኃብተኞች ወይም የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች አልነበሩም፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር፣ በቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ። ራማዚኒ የአእምሮ ውጥረት ያለው ሦስተኛው ምክንያት ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በቁጥር ተመሰከረለት።

እንግዲህ ጭንቀትን ያስወግዱ የሚለው ትእዛዝ ባዶነቱ እዚህ ላይ ይገለጣል። ጭንቀቱ የሚመጣው ከማያልቅ ሥራ፣ ግልጽ ካልሆነ ትእዛዝ፣ በባለጉዳይ ፊት ከሚደርስ ዘለፋ ከሆነ፣ ሠራተኛው ብቻውን ሊያስወግደው አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር የስትሮክን አደጋ በ35 በመቶ እንደሚጨምር፣ በ2016 ብቻም 745,000 ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ ስትሮክና የልብ ሕመም እንደ ሞቱ ተገልጿል። የሥራ ሰዓትን የሚወስነው ደግሞ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አይደለም።

ሕጉና ግድግዳው

በኢትዮጵያ ሕግ ያለው አስተሳሰብ ከግድግዳው ጽሑፍ የቀደመ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 በመጀመሪያ የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል፤ የሠራተኛው ግዴታ በአንቀጽ 93 ይከተላል። አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው የማስገንዘብ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ፣ የሥራው ሂደት የአካላዊ፣ የኬሚካል፣ የባዮሎጂ፣ የኤርጎኖሚክስና የሥነ ልቦና ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን የመጠንቀቅ ኃላፊነት ተጥሎበታል። አንባቢ ልብ ቢል የራማዚኒ ሦስቱም ምክንያቶች በዚህ አንቀጽ ውስጥ አሉ። ከግድግዳው ጽሑፍ ግን የመጀመሪያው ግዴታ ጠፍቶ ሁለተኛው ብቻ ቀርቷል።

አዋጁም ወሰን አለው። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ በመሆኑ፣ በርካታ የቢሮ ሠራተኞች ከዚህ አንቀጽ ጥበቃ ውጭ ናቸው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት የተደነገገውን የ1981ዱን ቁጥር 155 ስምምነት በ1991 ተቀብላለች፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ አጽድቋል። ሕግ ከምክር የሚበልጥበትን አሠራር በትምባሆ ጉዳይ ማየት ይቻላል። ማጨስ ለጤና ጎጂ መሆኑ ለዓመታት ሲነገር፣ የማያጨሰው ሠራተኛ ከአጫሹ ጎን ተቀምጦ ጭሱን ይተነፍስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ግን በዝግ የሥራ ቦታ ማጨስን ከለከለ። የሚጠበቅበት ሁሉ ከአጫሹ ፈቃድ ወደ ተቋሙ ግዴታ ተዛወረ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው ሁሉ የግድግዳው ምክር ይቀደድ ለማለት አይደለም። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ያየዋል፣ ተነሥቶ መንቀሳቀስን ማስታወሱም መልካም ነው። የሚያስፈልገው እንደገና መጻፍ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ በአንዱ ሠራተኛው የሚያደርገው፣ በሌላው ኃላፊው የሚያደርገው ይጻፍ። መስኮት ክፈቱ፤ መስኮቱም የሚከፈት ይሁን። ውኃ ጠጡ፤ መጸዳጃ ቤቱም ውኃ ይኑረው፣ ክፍትም ይሁን። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ለጽዳት ሠራተኛዋም ጓንት ይሰጣት። ከሰል በዝግ ክፍል አታንድዱ፤ ለጥበቃውም ካፖርትና ብርድ የማያስገባ ማረፊያ ይዘጋጅለት። የአደጋ መውጫው በሥራ ሰዓት አይቆለፍ።

ለሐኪሙም ድርሻ አለው። በብዙ ጤና ተቋማት የሕመምተኛው ካርድ ላይ የሥራ ዓይነት የሚለው ቦታ ባዶ ይታለፋል፤ ከተሞላም «የመንግሥት ሠራተኛ» ተብሎ ይሞላል። ይህ ቃል ኃላፊውንና ተላላኪውን፣ የሒሳብ ባለሙያውንና የጽዳት ሠራተኛዋን በአንድ ስም ሸፍኖ ያስቀራቸዋል። የሚያስላት ሴት በምን እንደምታጸዳ፣ ራሱን የሚያመው ጥበቃ ሌሊቱን በምን እንደሚሞቅ፣ ወገቡን የሚያመው ጸሐፊ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ካልተጠየቀ፣ ምርመራው ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አይነካም። ራማዚኒ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ የጠየቀው ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሆኖም ሠራተኛው መልሱን ይዞ ከሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ሳለ ሳይጠየቅ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ጭስ ይመለሳል።